በአንድ ግርግም ሁለት በሬ

ነይ ግቢ ውዴ፣ ነይ ግቢ። ደጅ አትቁሚ፤ የዛሬው ውርጭ ጆሮ ቆርጦ ይጥላል። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ብወርድ ወንዙ ቆሞ አገኘሁት። እውነቴን ነው፣ ቆሞ! በእንስራዬ ኳ ኳ ባደርገው «ማነው?» ሊለኝ ምንም አልቀረው። ቡልጋ ሳለን ብርድ ብርድ ስንል የኖርነው ለካ ብርድን ሳናውቀው ነው። ይኸው ጦሩን ተከትለን ጎባ ድረስ መጥተን ከባለቤቱ ጋር ተዋወቅን።

ነይ፣ እዚህ አጥሩ ሥር ተቀመጪ። ፀሐይዋ የምታርፈው እዚህ ብቻ ነው። … ለጎረቤት ቀረበ ትያለሽ? ምን ላድርግ፤ ፀሐይዋን እኔ አላስቀመጥኳት። እኔ ጠላዬን እያጠለልኩ ነው፤ አንቺ ያንን ወንፊት ያዢልኝ። እጄ ሲሠራ ነው አፌም የሚሠራው። ባሌ ገብረወልድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ወለተኢየሱስ ዝም ያለች ቀን ቄስ ጥሩ» ይል ነበር።

ልጅሽ ወይንሸት ደህና ናት? ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ አየኋት። አቤት አረማመድ! ዲያቆኑ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ ቀረ። ያባቷ ቁመት፣ ያንቺ አንገት። … በሬያችሁስ? እሱም ደህና ነው? … አይ፣ እንዲያው ነው። የዚህ አገር ሰዎች ሰላምታ ሲሰጡ ከልጁ አልፈው ላሚቱን፣ ከላሚቱ አልፈው ጥጃውን ይጠይቁ የለ? ከነሱ ለመድኩት።

ሽማግሌ ገባ አሉኝ፣ ቤትሽ። … እሰይ! ሴት ልጅ ሲንኳኳላት ደስ ይላል። ማን እንደላከ አውቃለሁ፤ ግን ስም አልጠራም። እኔ ስም መጥራት አልወድም። ከዚህ አጥር ወዲያ ጭድ የሚረግጡ ጌታ ናቸው ብል ግን መቼም ስም ጠራሽ አልባልም። … አዎ፣ ያ ጥፍ ጥፍ የሚለው ድምፅ እሳቸው ናቸው። ዕለት ዕለት ነው። ጉድጓዳቸውን ሳይረግጡ ቁርስ አይቀምሱም። … ምነው ድምፅሽን ቀነስሽ? ምን የሚደበቅ ነገር አወራን? እኔ የማወራው ምስጋና ነው፤ ምስጋና ደግሞ ጮክ ሲሉበት ያምራል።

ሽማግሌዎቹም አሉ የተባለውን ሰምቻለሁ። ልጅቱ ትሰጠን፤ ማጫዋም አባቷ ሲሞት ለእናቷ የቀረው ያ በሬ ይሁንልን። እሳቸውም «እንደ ዓይኔ ብሌን እይዛታለሁ» ብለዋል። … እንደዚያ ብለዋል አይደል? «እንደ ዓይኔ ብሌን»? … ተመስገን። ይህን ቃል ከዚህ በፊትም ከሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ። ያኔም ቃል በቃል ይኸው ነበር፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ሰው በቃሉ ሲጸና ደስ አይልም ውዴ?

እንግዲህ «እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» ብለሽ ልትጠይቂኝ መጥተሻል። ስለሳቸው አንዳች ክፉ አልናገርም። ምን በወጣኝ! ስለ በሬያቸው ልንገርሽና አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ።

ዳማን አይተሽዋል መቼም። ያላየው ማን አለ? ሻኛው ከተራራው ጫፍ ጋር ሲፎካከር ነው የሚውለው። ያገሣ ቀን የሮቤ ሜዳ ሰዎች ነጎድጓድ መስሏቸው ያሰጡትን እህል አስገቡ። ገላው ከማብረቁ የተነሳ አንዲት ሙሽራ መስታወት አጥታ በጎኑ እያየች ኩል ተኩላለች ይባላል። … ይባላል ነው ያልኩሽ፤ እኔ አልነበርኩም።

አሁን ይህ ሁሉ ጌጥ ከምን መጣ? ሣር እንዳትይ። በዚያ ዓመት ሣር የት ነበር? የከብቱ እልቂት ያለቀበት ዘመን ነው፤ በሬ ያለው ሰው እንደ ታቦት የሚታይበት። የተረፉትንም የሚያበላቸው ጠፍቶ፣ ሣሩን ውርጭ ለብልቦት፣ የቀረው የገብስ ጭድ ነበር። ጭድ ደግሞ ምንድነው? ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሞላ። በሬው ያመሰኳል፣ ያመሰኳል፣ መንጋጋው ይዝላል፤ ጭዱ እንደ ገባ ይወጣል።

ጎረቤቴ ግን ብልህ ናቸው። ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጭዱን በለብታ ውሃ አርሰው፣ የጠላ አተላ ለውሰውበት፣ ረግጠው ረግጠው፣ ክዳን ከድነው፣ አፈር መልሰው ይተዉታል። ሲከፈት ይሞቃል፤ እንፋሎቱ እንደ ዳቦ ነው። ላዩ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ያወጣል። ጭዱ ልፍስፍስ ብሎ፣ ለእርሾው ተሸንፎ ታገኚዋለሽ። ገብሱን ጠላ የሚያደርገው እርሾ ጭዱንም ከበሬው ጥርስ በፊት አላምጦ ያቀርበዋል ማለት ነው። በሬውም ያንን ሲበላ ሆዱ እንደ ድፍድፍ ጋን ይፈላለታል። … ሳቂ፣ ሳቂ። እውነት ነው።

ጉድጓዱን የቆፈረው ገባራቸው ነው። ጭዱን የተሸከመው ገባራቸው ነው። አተላው … አተላው የኔ ነው። የሳቸው ምኑ ነው እንዳትይ፤ ሐሳቡ የሳቸው ነው። ሐሳብ ትንሽ ነገር መሰለሽ?

አተላዬ እንዴት አጥር ተሻገረ? እሱን ልነግርሽ ነው። ገብረወልድ ውጅግራውን ይዞ ሼክ ሁሴን ድረስ ወርዶ፣ የዝያራው፣ የተሳላሚዎቹ ገበያ ላይ በሬ ለውጦ መጣ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ወታደር ጠመንጃውን በቀንድ ለወጠ ብለው። እሱ ግን «ጠመንጃዬ አንድ ቀን እንኳ እንጀራ አላበላኝም» አለ። ዳልቻ እንዲህ ነው ቤታችን የገባ። ልክ የሰማይ ግራጫ፣ ዓይኑ እንደ ሰው። ገብረወልድ ሳያርስበት ሞተ። እኔና ዳልቻ ተያይተን ቀረን። አንድ በሬ ደግሞ ምን ያደርጋል? ቀንበር ሁለት አንገት ነው የሚፈልገው።

ያኔ ነው ጎረቤቴ በዚህ አጥር በኩል ብቅ ያሉት። አዎ፣ አሁን ጥፍ ጥፍ የሚለው ከቆመበት … ቆመ እንዴ? … ደከማቸው መሰለኝ። ይረፉ። እናም «ወለተኢየሱስ፣ መቀናጆ እንግባ» አሉኝ። የኔ አንድ፣ ያንቺ አንድ። ተራ በተራ እናርሳለን፤ ባለተራው ቤት ሁለቱም ያድራሉ፣ ባለተራው ሁለቱንም ይመግባል። አተላ ካንቺ፣ ጭድ ከኔ፤ ከአንድ ጉድጓድ ይበላሉ። እኔ ምን እላለሁ? ዳልቻን ሳስረክባቸው አንገቱን አቅፈው ነው የተቀበሉኝ። «እንደ ዓይኔ ብሌን እይዘዋለሁ» አሉ። … ነግሬሻለሁ፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

የመጀመሪያው ሰሞን ግን ሳቅ ነበር። ጎረቤቴ ለጋስ ናቸውና ለዳማ አተላውን አብዝተው ሰጡት። አልጠለለም ነበር፣ ወፍራም የድግስ አተላ ነው። በሬው ሰከረ። ውዴ፣ ሰክሮ ብታዪው! አራት እግሩ አራት አገር ሊሄድ ይፈልጋል። ግንዱን ጥጃ መስሎት ይልሳል። ሽታው እስከ ሃረና ጫካ ወርዶ ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ሲጨቃጨቁ አደሩ አሉ። ሰከረ ማለት ደግሞ ጾመኛ ቤት ነውር ነው። ስለዚህ ጋኔን ነው ተባለና ቄስ ተጠርተው ጸበል ተረጨ። ቄሱም አሽትተው፣ ዝም ብለው ረጩ። ጋኔኑ ሲነጋ ለቀቀው፤ ራሱን ግን ያመው ነበር።

ከዚያ በኋላ መጠኑን ለመዱ። ዳማ ወፈረ። ዳልቻስ? ዳልቻ ከሳ። እኔ ግራ ገባኝ። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ግርግም፣ አንዱ ይሰባል፣ አንዱ ይጫጫል። ብጠይቃቸው አዘኑልኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ያንቺ በሬ ማመስኳት አይችልበትም፤ መንጋጋው ሰነፍ ነው» አሉኝ። እኔም ወደ ቤቴ ገብቼ ስለ ዳልቻ መንጋጋ ለእመቤታችን ተሳልኩ። … አትሳቂ፤ ሰው ለሰው መንጋጋ ይሳል የለ?

እነ ጅሎ፣ የዚህ አገር ከብት አርቢዎች፣ ከብታቸውን ወደ ሆራው፣ ወደ ጨዋማው ውሃ ሲነዱ በደጄ ያልፋሉ። ጅሎ ከብት ሲያይ እንደ ሐኪም ነው፤ ደግሞ ቃል አያባክንም። ዳልቻን አየና ቆመ። «ካን ኬ ቤላኤራ» አለኝ፣ ያንቺው ርቦታል ማለቱ ነው። ሄደ። እኔ ተቆጣሁት። በዚህ ዓይነት ጨዋ ቤት ውሎ አድሮ እንዴት ይርበዋል? ሰው ሳያውቅ ይናገራል አልኩ።

ከዚያ ጎታዬ ተሰነጠቀና ልለቀልቀው እበት አጣሁ። ጎረቤት እበት አይከለክልም፤ ጎረቤቴም አልከለከሉኝም። ሁለቱ በሬዎች እሳቸው ዘንድ ያደሩበት ቀን ነበር። ገባሁ። ውዴ፣ አንቺም ቤት ለቅልቀሽ ታውቂያለሽ፤ እጅ ይናገራል። በዳማ በኩል የተከመረውን ብነካው እንደ ተቦካ ሊጥ ነው፤ አንዲት ስንጥር ጭድ አይጎረብጥሽም። በዳልቻ በኩል ያለውን ብነካው … ጭድ ነው። ጭዱ ተቆጥሮ ገብቶ ተቆጥሮ የወጣ ይመስላል። ደረቅ የአውድማ ጭድ፤ አተላ አልነካው፣ ጉድጓድ አላየው። አንድ ግርግም ነው ያሉት እውነታቸውን ነው። ግርግሙ አንድ ነው። መሐሉ ላይ ግን አንዲት ሳንቃ አለች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ትሑት ሳንቃ። ከዚህ ወዲህ የእኔ፣ ከዚህ ወዲያ የሰው የምትል።

እኔማ ሁለቱንም እበት ቀላቅዬ ጎታዬን ለቀለቅሁ። ብታምኚም ባታምኚም፣ የዳማው ሲደርቅ ፈርፈር ብሎ ወደቀ። የዳልቻው ግን ጭዱ ስለያዘው ይኸው እስከ ዛሬ እንደ ብረት ቆሟል። ግቢና እዪው። ጎታዬን አቁሞ የያዘው የዳልቻ ረኃብ ነው። … ውስጡ? ውስጡ ባዶ ነው። ቆመ አልኩሽ እንጂ ሞላ መቼ አልኩሽ።

እንዴት ይሞላል? በኔ ተራ ሁለቱም እኔ ዘንድ ሲያድሩ የጉድጓዱን ጭድ በቅርጫት ላኩልኝ ብላቸው «ነፋስ ሲያገኘው ይከፋል» አሉ። ለበሬዬ አሳቢ ናቸው፣ ለነፋሱ ሳይቀር ያስባሉ። ስለዚህ ደረቅ ጭዴን ለሁለቱም አቀረብኩ። ዳልቻ የለመደው ነውና በላ። ዳማ አሸተተኝ። ጭዱን አይደለም፣ እኔን ነው ያሸተተኝ፤ «ቤቱ ይህ ነው?» በሚል ዓይን። ሳይበላ አደረ። ጠዋት ጠምደን ትልሙን ሁለት ሳንመልስ ተኛ። መሐል ትልም ላይ፣ እግሩን ሰብስቦ፣ እንደ መኳንንት። ጎረቤቴ ሮጠው መጡ። «በሬዬን ሆዱን አሳመምሽው» ብለው እየደባበሱ ወሰዱት። እዚህ አገር በልግ ከዐቢይ ጾም ጋር ነው የሚገባው፤ ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። የሳቸው እርሻ ታረሰ፣ ተዘራ፣ በቀለ። የኔ እርሻ ደግሞ … ያበበውን አደይ የሚመስል አረም አይተሽልኛል? ያምራል። ሰው እየቆመ ያደንቅልኛል።

ዳልቻ የሳቸውን የመጨረሻ ትልም ሲጨርስ ነው የወደቀው። ጨርሶ ነው፣ ልብ በይ። ሥራ ሳይጨርስ የሚወድቅ በሬ አልነበረም። በክት እንዳይሆን እሳቸው ባረኩት። እኔ ስደርስ ጎረቤቴ ቁጭ ብለው እያለቀሱ ነበር። «ወለተኢየሱስ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የያዝኩት» አሉኝ። አቤት እንባ! ያ እንባ የገብረወልድ ቀብር ላይ ቢገኝ መቃብሩ ይበቅል ነበር።

ጾም ነው፤ ሥጋ አይበላ። ቋንጣ ይሁንና ለፋሲካ ይቆይ ተባለ። የኔ ጎጆ ዝቅ ያለች ናት፣ የሳቸው ጣሪያ ከፍ ያለ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ተሰቀለ። እኔም ሳልበላው በመዓዛው ብቻ ጾሜ እንዳይፈታ ፈራሁ። ፋሲካ ሆነ። ዶሮ ሳይጮህ ሰው ላክሁባቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሻጋታ በላው።» … አዎ። ሻጋታ። መቼም እሳቸው ቤት ሻጋታ የማይበላው የለም፤ ጭዱንም የሚበላላቸው እሱ ነው። ግን ውዴ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ሻጋታ ሲያገሣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በፋሲካ ማግስት፣ እዚሁ አጥር ሥር ፀሐይ ስሞቅ፣ ከወዲያ በኩል ሰማሁ። ወፍራም ግሣት ነው፣ ቅቤ የነካው። ይህ መቼም ሻጋታው ነው ብዬ ገባሁ።

ቆዳውን ግን አልካዱኝም። ባዶ እጄን አልመለሱኝም፤ አሳዩኝ። ለጉድጓዳቸው ክዳን አድርገውታል። ይኸው አሁን ረግጠው ሲጨርሱ የሚከድኑት በሱ ነው። እስቲ አስቢው፤ ዳልቻዬ በሕይወቱ አንዲት ጉርሻ ያልቀመሰውን ጉድጓድ ዛሬ ላዩ ላይ ተኝቶ እንፋሎቱን ይሞቃል። እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው የት ይገኛል?

አሁን ዳማ ብቻውን ነው። በልግ ደግሞ ደረሰ። አንድ በሬ ምን ያደርጋል? … እኔ ምንም አላልኩም። አንዱ ቀንበር የቀኝ አንገቱን አጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አልኩ እንጂ፣ ሽማግሌዎቹ ለምን በዚህ ወር መጡ አልኩ እንዴ? ፍቅር ወር አይመርጥም። ምናልባት ወይንሸትን እኛ ቤተክርስቲያን ዓመቱን ሙሉ ቆማ ሲያይዋት ቆይተው፣ ልክ በሬያችሁ ጥርሱን በነቀለ፣ ለቀንበር በደረሰ ማግስት ልባቸው የተመታ እንደሆነስ? ይሆናል። ልብ እንደዚህ ነው።

ሽማግሌዎቹ «ልጅቱ ያለ በሬው ብትመጣስ?» ተብለው ተጠይቀዋል? … አልተጠየቁም? … እኔ እንዲያው ነው። እስቲ ዛሬ ሲመለሱ፣ ጠላዬን ከዚህ እንስራ ውሰጂና ከቀመሱ በኋላ እየሳቅሽ ጠይቂያቸው፤ «በሬው እኔ ዘንድ ይቆይ፤ ልጅቱን ብቻ ብሰጥስ?» ብለሽ። ከዚያ ፊታቸውን እዪ። ፊት መቼም እንደ እበት ነው፤ የተበላው ሁሉ ይታያል።

ወይንሸት ምን አለች? … ታለቅሳለች? … አይ የኔ ልጅ። አታልቅስ በያት። የሰጧትን የምትበላ፣ ሥራዋን የምትጨርስ ልጅ ነው ያሳደግሽው። ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ አይደለንም፤ ከአጥር ወዲያም ያለ ሰው አይቶታል።

ተነሽ እንግዲህ፣ ፀሐይዋ ዞረች። ወንፊቱን እዚያ ላይ ጣይው። … አተላው? አተላው እዚህ ይቀመጥ። ከዳልቻ ወዲህ አጥር አልተሻገረም። ጎረቤቴ አሁን የሚረግጡት ጭድና ውሃ ብቻ ነው፤ ላብ ግን አለበት፣ የራሳቸው። ዳማም ሰሞኑን ሻኛው ዘመም ማለት ጀምሯል፤ አየሽው? ገና አላየሽውም? እበቱም ጭድ ጭድ ማለት ጀምሯል አሉ። ጎታ ለሚለቀልቅ ሰው የምሥራች ነው። አተላዬን ለናንተ በሬ ውሰጂው። ጉድጓድ አያስፈልገውም፤ ጋን ይበቃዋል። ጭዱን ለውሰሽ፣ ጠቅጥቀሽ ክደኚው፣ እስኪሞቅ ተይው። ጥቂት በጥቂት፣ እንዳይሰክር። ከዚያ በበልጉ እኔና አንቺ እናወራለን፤ እርሻዬ አረም ማሳየቱ ሰልችቶታል፣ ጅሎም አንድ በሬ አለው፤ መቀናጆ ቢጠሩት እሺ ይላል። እሱ ቤት ሳንቃ አይቼ አላውቅም።

ቆይ ግን፣ ሳልመርቅሽ አትሂጂ። ሠርግ የተነሣበት ወሬ ያለ ምርቃት አይዘጋም። እጅሽን ዘርጊ። ወይንሸትን እግዚአብሔር የዳማን ግርግም ይስጣት፤ ከሳንቃዋ ወዲህ ያድርጋት። ለአንቺም ጎታሽን ይሙላልሽ፣ መለቅለቂያው ከየትም ይምጣ።

… ሰማሽ? ከአጥር ወዲያ ሳል ተሳለ። ይማርዎት ጌታዬ! ኧረ ለሳቸውም ልመርቅ፤ ጎረቤት ሳይመረቅ አይቀርም። ብቻቸውን ናቸው፣ ዕድሜም እየገፋ ነው፤ ነገ አቅም ሲያጡ የሚይዛቸው ይፈልጋሉ። እንግዲህ እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። በእርጅናቸውም ዘመን የሚይዛቸው ሰው አያሳጣቸው፤ የሚይዛቸውም ሰው ልክ እሳቸው ዳልቻዬን እንደያዙት፣ እንደ ዓይኑ ብሌን አድርጎ ይያዝላቸው።

አሜን በይ እንጂ ውዴ። … ጮክ በይ። ከአጥሩ ወዲያ አሜን ሲባል አልሰማሁም።